ምሳ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ሠራተኛ መመገቢያ ቦታ ይታሰብለት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት 14 ዓመት ያገለገልኩ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትራንስፖርትና ስለ ዘይት ዋጋ በጋዜጣችሁ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሠራተኛው እኩለ ቀን ላይ ምን እንደሚበላ፣ የትና እንዴት እንደሚበላ የተጻፈ ነገር ግን ማንበቤ ትዝ አይለኝም። ምሳ የግል ጉዳይ ነው ተብሎ ይሆናል። እኔ ግን በዓመት ከ200 ቀን በላይ የሚመላለስ፣ የሰውን ጤናም ደመወዝም የሚነካ ጉዳይ የግል ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም ብዬ ስለማምን ደብዳቤዬን እንድታትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ከ6፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ ዓርብ ደግሞ የጁምዓ ሶላት ስላለ ከ5፡30 ጀምሮ ሁለት ሰዓት ይሆናል። አባቴ በጸሐፊነት ይሠራ በነበረበት ጊዜ ቤታችን ከቢሮው ብዙም ስለማይርቅ እኩለ ቀን ላይ በእግሩ መጥቶ፣ ከእኛ ጋር መሶብ ቀርቦ፣ ቡናውንም ጠጥቶ ይመለስ ነበር። የዛሬው ሠራተኛ ግን አብዛኛው የሚኖረው ከከተማው ዳር፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶና በመሳሰሉት ኮንዶሚኒየሞች በመሆኑ እንኳን ለምሳ ሊመለስ፣ ማታም ቤቱ የሚገባው ከመሸ በኋላ ነው። ስለዚህ ወይ ውጭ ይበላል፣ ወይ ምሳ ይቋጥራል።

ውጭ መብላት ድሮ እንዲህ አይከብድም ነበር። ካዛንቺስ አካባቢ በሠራሁባቸው ዓመታት ከየቢሮው ጀርባ፣ በየቅያሱ ውስጥ፣ ሦስት ወይም አራት ጠረጴዛ ብቻ ያላቸው ትንንሽ ምግብ ቤቶች ነበሩ። ባለቤቷ ራሷ ታበስላለች፣ ራሷ ታቀርባለች፤ ደንበኛዋ የማይበላውን ነገር ታውቃለች፤ ደመወዝ እስኪወጣም በዱቤ ታበላለች። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲነሣ እነዚያ ምግብ ቤቶችም አብረው ተነሡ። መንገዱ መስፋቱንና ማማሩን አልክድም፤ ነገር ግን በየአዲሱ ሕንፃ ሥር የተከፈቱት ካፌዎች የሚያቀርቡት ምግብ በወር ውስጥ ላሉት 22 ገደማ የሥራ ቀናት በእኔ ደመወዝ የሚዘለቅ አይደለም። በቀሩት ጥቂት ቤቶች ደግሞ የአካባቢው ሠራተኛ ሁሉ 6፡30 ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚገባ ወንበር ለማግኘት ብቻ ሩብ ሰዓት ያልፋል። ተጋቢኖ ያዘዘ ሰው መጀመሪያ እስኪፈላ፣ ከቀረበለት በኋላም እስኪበርድ ይጠብቃል፤ ድሮ ሳይጠየቅ ይመጣ የነበረው ጭማሪ እንጀራም ዛሬ ሒሳብ ላይ ይደመራል። ባለቤቶቹን አልወቅስም። ጤፉም፣ ዘይቱም፣ ከሰሉም በእነሱ ላይ እንደ ተወደደ አውቃለሁ።

ውጭ ከሚበሉት ሁሉ ለሠራተኛ የሚስማማው በያይነቱ ነው። ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩና ሰላጣው ጠዋት ተሠርተው ስለሚቆዩ ከማዘዝ እስከ መቅረብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ በልተውትም ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ አይጥልም። እኔ የአንድን ቤት በያይነቱ የምመዝነው በክክ አልጫው ነው። ሽንኩርቱ እስኪሟሟ የበሰለበት፣ እርዱና ዝንጅብሉ በልክ የገባበት አልጫ ያላት ሴት ሌላውንም በጥንቃቄ እንደሠራች አምናለሁ። በጥድፊያ የተሠራ እንደሆነ ግን ሽንኩርቱ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ ክኩም ከውሃው ተለይቶ ይቀመጣል፤ እስከ 11 ሰዓት ድረስም ቃር ሲያሠቃይ ይውላል።

ምሳ መቋጠር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን የተረዳሁት በብዙ ስሕተት ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ የልጆቼንም የራሴንም ምሳ የማዘጋጀው የሠራተኛ ሰርቪስ ከመድረሱ በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ የሚጣፍጥ ምግብ ሁሉ ለስድስት ሰዓት ያህል ተዘግቶ ከቆየ በኋላ አይጣፍጥም። ለምሳሌ ጥብስ ከምጣድ ሲወጣ የሚያስጎመጅ ቢሆንም ሲቀዘቅዝ ስቡ ነጭ ሆኖ ይረጋል፣ ላንቃም ላይ ይለጠፋል። ፓስታ ሱጎውን መጥጦ ይደርቅና በሹካ የማይለያይ ጓል ይሆናል። ሽሮ ሲበርድ ይጋገራል፤ ቀጠን ተደርጎ ካልተሠራ ወይም ሲሞቅ ውሃ ጠብ ካልተደረገበት ከሥሩ ያራል። ፍርፍር ግን ሲውል ይብሱን ይጣፍጣል። ማታ ከተረፈ ወጥ ጠዋት የተፈረፈረ እንጀራ እስከ ምሳ ቁሌቱን በደንብ ስለሚመጥ ሳይሞቅም ይበላል፤ የቋንጣ ፍርፍር እንዲያውም በማግስቱ ነው የሚበስለው ማለት ይቻላል። ለምሳ የማስበውን ፍርፍር በዘይት እንጂ በቅቤ አልሠራውም፤ ቅቤው ይረጋልና። ወፈር ያለ ምስር ወጥ፣ ድንች በካሮትና ጥቅል ጎመንም አሳፍረውኝ አያውቁም።

እንጀራን በሚመለከት የተማርኩት አንድ ትልቅ ነገር ወጡ ላይ ደርቦ አለመክደን ነው። ትኩስ ወጥ ከእሳት እንደወረደ ሲከደን እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ እንጀራው ከላይ ይበሰብሳል፣ ከሥር ደግሞ ወጡን ይጠጣል፤ በ6፡30 ሲከፈት እንጀራም ወጥም ያልሆነ ነገር ይጠብቃል። ከዚህም የከፋው ሙቀቱ ታፍኖ ስለሚውል ምግቡ መበላሸቱ ነው። በአንድ የዐቢይ ጾም ሰሞን ሱፍ ፍትፍት ቋጥሬ ሄጄ ነበር። ሱፍ ቶሎ የሚኮመጥጥ መሆኑን እያወቅሁ፣ ቀኑም ሞቃት ሆኖ ሳለ፣ ስከፍተው ሽታው መለወጡን ለመጣል አዝኜ ችላ ብዬ በላሁት። ሁለት ቀን ከአልጋ አልተነሣሁም። ከዚያ ወዲህ ወጡን ክፍት አድርጌ አቀዘቅዘዋለሁ፤ እንጀራዬን በንጹሕ ጨርቅ ለብቻው እጠቀልላለሁ፤ ሱፍ ደግሞ የምበላው ቤቴ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ በሥራ ቦታ ምሳ የሚጥመው ረቡዕ ነው። በሌሎቹ ቀናት አንዱ ሥጋ ይይዛል፣ አንዱ አይዝም፤ እኛ ከሙስሊም ባልደረቦቻችን ሥጋ፣ እነሱም ከእኛ ሥጋ ስለማንበላ ምሳ ዕቃችን ለየብቻ ይከፈታል። ረቡዕ ግን የእኛ ጾም በመሆኑ እነሱም እኛን አስበው ሥጋ ሳይዙ ይመጣሉ። ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን፣ ጋዜጣ አንጥፈን፣ ሰባት ስምንት ምሳ ዕቃ በአንድ ላይ ሲከፈት ከየቤቱ የመጣው ምስር ቀለሙ እንኳ አይመሳሰልም። አንዷ በርበሬዋን ታበዛለች፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርቷን፤ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ከባለቤቱ እጅ የሚያመጣው በዘይት የተሠራ የጎመን ክትፎ ከሁሉ በፊት ያልቃል። ዓርብም ጾም ቢሆንም እነሱ ለሶላት ስለሚወጡ እንጠብቃቸዋለን እንጂ እንደ ረቡዕ አይሞላልንም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ማዕዱ በየቀኑ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰሞን በመዋላቸው ግን አንድ ወር ያህል ግማሹ ሰው ከማዕዱ ጎድሎ ነበር፤ ያን ጊዜ ምግቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ጣዕም የያዘ መስሎኝ ነበር።

ወደዚህ ማዕድ የማትቀርብ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አለች። ምሳዋ ከአንድ ዳቦና በኩባያ ከያዘችው ሻይ አያልፍም፤ የምትበላውም ደረጃው ሥር፣ መጥረጊያና ባልዲዋን ከምታስቀምጥበት ቦታ ነው። ስንጠራት «ጠግቤያለሁ» ትላለች። አንድ ረቡዕ እጇን ይዤ ሳመጣት ሁለት ጉርሻ ብቻ ጎርሳ ተነሣች። በኋላ ለብቻችን ስንሆን «እትዬ፣ ባዶ እጄን እየመጣሁ ከሰው ሳህን መብላት ይከብደኛል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የቀረነው ተነጋግረን በየሳምንቱ አንድ ሰው እንጀራ ብቻ፣ ሌላው ወጥ ብቻ፣ ሌላው ቃሪያና ሎሚ ብቻ እንዲያመጣ ደለደልን፤ ለእሷም ቡና ማፍላቱ ደረሳት። አሁን ረቡዕ ረቡዕ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች። የቀሩትን አራት ቀናት ግን ደረጃው ሥር ናት፤ የጥበቃ ሠራተኞቹም እንደዚሁ ከበሩ አጠገብ ቆመው ነው የሚበሉት።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ችግሩ ከምግቡ ይልቅ ከቦታው ላይ መሆኑን ለማሳየት ነው። የምንበላው በሥራ ጠረጴዛችን ላይ፣ በመዝገብና በደረሰኝ መካከል ነው። የወጥ ጠብታ ያረፈበት የክፍያ ሰነድ በእጄ ደጋግሞ ገብቷል። ምሳ ሰዓት መሆኑን ያላወቀ ባለጉዳይ በር ከፍቶ ይገባል፤ እሱም ያፍራል፣ እኛም ጉርሻችንን ይዘን እንቀራለን። ከፍርፋሪው የተነሣ በረሮና አይጥ ወደ መዝገብ ቤቱ መግባት ከጀመሩ ቆይተዋል። እኛ በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ነን፤ እጃችንን የምንታጠበው ግን መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ባለው ቧንቧ ነው፤ እሱም ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ብቻ። ገንዘብ አዋጥተን ማይክሮዌቭ ገዝተን ነበር፤ መስመሩን ያጨናንቃል ተብለን እንድናነሣው ታዘዝን። ለመስመሩ መጠንቀቃቸው ተገቢ ነው፤ አንድ አስተማማኝ ሶኬት የሚዘረጋበት ቦታ ግን አልተሰጠንም።

ይህን ማድረግ የማይቻል አይደለም። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ ይከፈት ሲባል መጀመሪያ ላይ ቦታ የለም የሚል መልስ በየአቅጣጫው ይሰማ ነበር፤ ዛሬ ግን ማቆያ የከፈቱ መሥሪያ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ እናቶችም ልጆቻቸውን አጠገባቸው አድርገው እየሠሩ ነው። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎች ቁርስና ምሳ እዚያው ይመገባሉ፤ የሚያበስሉትም የተደራጁ እናቶች ናቸው። ያን ያህል ሕፃን በሰዓቱ መመገብ ከተቻለ ለጥቂት መቶ ሠራተኞች መቀመጫና የእጅ መታጠቢያ ማዘጋጀት የሚያቅት አይመስለኝም። የሠራተኛ ክበብ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ብዙዎቹ ግን ለነጋዴ ተከራይተው ዋጋቸው ከውጭው ስለማይለይ፣ ከቤቱ ምሳ ይዞ የመጣ ሰውም «ሳያዙ መቀመጥ አይቻልም» ስለሚባል ለሠራተኛው አልጠቀሙትም። የክበብ ኪራይ ውል ሲፈረም ምሳ ዕቃ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ እንዳይከለከል የሚል አንቀጽ እንዲገባበት ሐሳብ አቀርባለሁ። እነዚያን ከየሰፈሩ የተነሡትን አብሳይ እናቶችም በየመሥሪያ ቤቱ ክበብ ቅድሚያ የሚያገኙበት መንገድ ቢታሰብ ለእነሱም ለእኛም መልካም ይሆናል።

እኛ ነፃ ምግብ አልጠየቅንም። የጠየቅነው አንድ ክፍል፣ ረጅም ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር፣ ውሃ የማያጣ የእጅ መታጠቢያ፣ ምግብ የሚሞቅበት ሶኬትና ክዳን ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው። ክፍሉንም ከኃላፊ እስከ ጥበቃ ሁሉም የሚገባበት እንዲሆን እንፈልጋለን። በሕንፃችን ምድር ቤት የተሰበሩ ወንበሮችና አሮጌ የኮምፒውተር ሣጥኖች የተከመሩባት፣ መስኮት ያላት፣ የውሃ መስመርም የሚያልፍባት አንዲት ክፍል አለች። ለዚሁ አገልግሎት እንድትሰጠን 31 ሠራተኞች ፈርመን ማመልከቻ ካስገባን ሰባት ወር ሆኖታል፤ እስካሁን መልስ አልተሰጠንም። ወንበሮቹ በንብረት ክፍል ከተረከቡልን ክፍሏን ራሳችን ጠርገን፣ ቀለሟን ቀብተን፣ ጠረጴዛውንም አዋጥተን ለማሠራት ዝግጁዎች መሆናችንን በዚሁ ጋዜጣ አማካይነት በድጋሚ አስታውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር

አንዲት የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ