ብስክሌቱ ይቆይ

እሙዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል።

ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ የሚከታተሉበትን ውድድር፣ ትራያትሎንን፣ ልትሞክሪ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። የላክሽልኝን የወጪ ዝርዝር ግን ደጋግሜ አየሁት። የሦስት ሺህ ዶላር የካርቦን ብስክሌት፣ ያውም በክሬዲት ካርድ! እባክሽ ይሄ ይቆይ። ወለዱን እየከፈልሽ የምትለማመጂው ስፖርት ቶሎ ያስጠላሻል።

መጀመሪያ አጭሩን ውድድር ግቢ። ስፕሪንት የሚባለው 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ለዚህ ያገለገለ ብስክሌት ይበቃል። ቦልደር ቅርብሽ ነው፤ ትራያትሎን የሚሠራ ሰው የሞላበት ከተማ ስለሆነ ደህና ነገር አታጪም። ፍሬኑንና ሰንሰለቱን ባለሙያ ይይልሽ፣ ኮርቻውንም በቁመትሽ ልክ ያስተካክልልሽ። ሄልሜቱን ግን አዲስ ግዢ። ያገለገለ ከሆነ ውስጡ ተሰንጥቆ ከላይ ላይታይ ይችላል። በውድድሩም ማሰሪያውን ሳትቆልፊ ብስክሌቱን ከመስቀያው ማንሳት አይፈቀድልሽም።

ገንዘብ የማይቆጠብበት የውሃ ዋናው ነው። አንቺ የለመድሽው ገንዳ ነው፤ ሲደክምሽ ጠርዙን ትይዣለሽ። ሐይቅ ላይ የሚያዝ ጠርዝ የለም። ታቹ አይታይም፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ከጎንሽ የሚዋኘው ሰው በክርኑ ይመታሻል። ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ እዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ አስተማሪ ያዢ። ክፍያውን እኔ እችላለሁ፣ በዚህ አትከራከሪኝ። ዌትሱቱን፣ ለቀዝቃዛ ውሃ የሚለበሰውን የጎማ ልብስ፣ ለጊዜው ተከራዪው፤ ከማሞቁም ሌላ ያንሳፍፍሻል። ብቻሽን ደግሞ ሐይቅ እንዳትገቢ፣ አደራ።

ጓደኞችሽ የሚያወሩለት አይረንማን የሚባለው ረጅሙ ትራያትሎን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። በ1978 ሃዋይ ላይ ሲጀመር 15 ሰዎች ተነስተው 12ቱ ጨረሱ። ዛሬ ምዝገባው ብቻ ብዙ መቶ ዶላር ነው፤ የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉና የብስክሌቱ ማጓጓዣ ሳይቆጠር። አጭሩን ጨርሰሽ ከወደድሽው ያኔ እንነጋገራለን። ለአጭሩም ቢሆን ከመክፈልሽ በፊት የመሰረዣ ደንቡን አንብቢ። ብዙዎቹ ገንዘብ አይመልሱም፣ የአንቺ ፈረቃ ደግሞ ይቀያየራል።

ዝርዝርሽ ላይ ያላየሁት እንቅልፍሽን ነው። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታስታምሚ አድረሽ ጠዋት አስፋልት ላይ ብስክሌት መንዳት ያስፈራኛል። ከተረኝነት በወጣሽበት ቀን ተኚ። ልምምዱ ቢዘገይ ምንም አይደል፣ ውድድሩን ለሚቀጥለው ክረምት ማድረግ ይቻላል።

ቀኑን ስትቆርጪ ቀደም ብለሽ ንገሪኝ። እናትሽም መምጣት ትፈልጋለች፣ ትኬቱን ሳይወደድ እንግዛ።

አባትሽ