ችግኝ የማዛወሪያው ጊዜ ደርሷል

ሰላም የጓሮ አትክልት ቤተሰቦች፣

ክረምቱ እየወጣ ነው። የጎመንና የቆስጣ ችግኝ ወደ መደብ የምናዛውረው አሁን ነው። መሬቱ እርጥበት ይዟል፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ግን ከጥቅምት በኋላ አትምርም። ወደ ማታ ትከሉ፤ ዙሪያውን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙት። ጣና ዳር ያላችሁ ውኃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርጉት።

ትናንት የጎመኔን ቅጠል ገልበጥ ሳደርገው ግራጫ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ተለጥፎበታል። ቅጠሉ ተጨማዷል። አንጀቴ አረረ። ቀስ ብዬ በሳሙና ውኃ አጠብኩት። እባካችሁ ከላይ ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ ገልብጣችሁ እዩ። መርዝ ለመርጨትም አትቸኩሉ፤ የምንበላው እኛና ልጆቻችን ነን።

የቆስጣ ዘር የተረፈው ሰው እሑድ ጠዋት ይዞ ይምጣ። እኔ ዘንድ በደንብ የበሰበሰ ፍግ አለ። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል፣ ይሄኛው ግን አይጎዳም። የሚፈልግ ማዳበሪያ ከረጢት ይያዝ።