ጆ ሉዊስና መሐመድ አሊ ቢገጥሙ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ቡጢኞቹ ሉዊስና አሊ በጉብዝናቸው ዘመን ቢገናኙ ማን ያሸንፍ ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ስለተቋረጠ፣ መልሴን እነሆ በጽሑፍ ልኬያለሁ፤ ዓመታቱንም ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርጌልዎታለሁ።

የምኖርበት ዲትሮይት ሉዊስ ያደገባት ከተማ ናት፤ ሰባት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የነሐስ ክንዱ ቡጢውን እንደጨበጠ መሀል ከተማ ላይ ተንጠልጥሏልና ለአሊ መፍረድ እዚህ ጠላት ያፈራል። እርስዎም ለሉዊስ የሚያደሉበትን ምክንያት አውቃለሁ። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ ሊወረን ሲሰናዳ፣ ሉዊስ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን ኒው ዮርክ ላይ በስድስተኛው ዙር ደጋግሞ ሲዘርረው፣ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ፍልሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርገው ነበር ያዩት። ይህ ውለታ ግን አሊን አይመታልንም።

የማጋጥመው በ1930 ጀርመናዊውን ማክስ ሽሜሊንግን ከሁለት ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ያሸነፈውን ሉዊስ፣ ቬትናም አልዘምትም በማለቱ የዓለም ሻምፒዮንነት ክብሩን ከመነጠቁ በፊት ከነበረው የ1959 አሊ ጋር ነው። ዋናው ማስረጃዬ ቢሊ ኮን ነው። ኮን ከሉዊስ ቢያንስ አሥር ኪሎ የሚቀል ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ1933 በእግሩ ፍጥነት ብቻ ሻምፒዮኑን አሥራ ሁለት ዙር ሙሉ ሲያደክመው ቆይቶ፣ በነጥብ እየመራ ሳለ በዝረራ ላሸንፍ ብሎ ሲጠጋ በአሥራ ሦስተኛው ዙር ራሱ ተዘረረ። እንግዲህ አሊ ያንኑ የመሰለ እግር ከ95 ኪሎ በሚበልጥ ሰውነት ላይ የያዘ፣ ከሉዊስ በቁመትም በክንድም የሚረዝም፣ በዚያ ላይ እየመራ ሳለ ለመጠጋት የማይቸኩል ቡጢኛ ነበር።

ሆኖም አሊ እጁን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ በመለጠጥ ብቻ ቡጢ የማምለጥ ልማድ ነበረው፤ በ1963 ጆ ፍሬዘር በአሥራ አምስተኛው ዙር ከጎን በሰነዘረው የግራ ቡጢ የጣለውም በዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። ሉዊስ ደግሞ ተጋጣሚውን አያሯሩጥም፤ በአጫጭር እርምጃ መውጫውን እየዘጋ፣ ከቅርብ በሚነሡና ለማየት በሚያስቸግሩ ቡጢዎች የሚጨርስ ሰው ነበር። ሃያ አምስት ጊዜ ክብሩን ያስጠበቀው በዚህ ነው።

በ1962 የታየው፣ የቀድሞው ሻምፒዮን ሮኪ ማርሲያኖና አሊ በካሜራ ፊት ገጥመው ኮምፒዩተር ለማርሲያኖ ፈረደ የተባለው ፊልም ለእኔ ጨዋታ ነው፤ ማሽኑ የሰው ግምት ተሰጥቶት ነው የሚፈርደው። የእኔ ፍርድ፣ በአሥራ አምስት ዙር ውድድር አሊ አንድ ጊዜ ወድቆ ይነሣና በነጥብ ያሸንፋል፤ ግጥሚያው የሚካሄደው ጠባብ መድረክ ላይ ከሆነ ግን ለሉዊስ እፈርዳለሁ።

ካልተስማሙ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ይሞግቱኝ። ለእትዬና ለልጆቹ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪ የወንድምዎ ልጅ