አራተኛ ውሻ ልጨምር ወይ ላልሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። የላክሽልኝን፣ የበረዶ ጋሪ የሚጎትተው የሀስኪ ዘር የሆነችውን ቡችላ ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። እነዚያ ሰማያዊ ዓይኖችና ግንባሯ ላይ የወረደው ጥቁር ምልክት የማንንም ልብ ይሰርቃሉ። "እማዬ፣ ልውሰዳት ወይስ ይቅርብኝ?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። ነገሩ በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ጻፍኩልሽ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሌላ ሀስኪ መጨመርሽን አልቃወምም፤ ይቺን ቡችላ ግን አትውሰጃት። ቤቱም ውሳኔውም ያንቺ ነው። እኔ የሚታየኝን ልንገርሽና አንቺ መዝኚው።

ስለ ቡችላዋ ብዙ ጻፍሽልኝ፤ ስለ ሽማግሌው ውሻሽ ስለ ቡቺ ግን "ደህና ነው" ከማለት አላለፍሽም። እኔ የምጀምረው ከእሱ ነው። ሦስት ውሾች ባሉበት ቤት አራተኛ ይግባ አይግባ ሲባል መጀመሪያ መታየት ያለበት ከሁሉም ደካማው ነው። ጠንካራው እንደምንም ይላመዳል፤ የሚጎዳው ሸሽቶ ማምለጥ የማይችለው ነው።

ባለፈው አንቺ ጋ ስሰነብት ቡቺን ልብ ብዬ አይቼዋለሁ። ከምንጣፉ ሲነሳ መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ያቆማል፤ ከዚያ ትንሽ ያርፋል፤ የኋላ እግሮቹ ወለሉ ላይ እየተንሸራተቱበት እንደገና ይሞክራል። ሀስኪዋ ላይካ ስትሯሯጥ ዳሌውን ገጭታው ብታልፍ አይጮህባትም። ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ የዓይኑ ነጭ ከጎን ብቅ ይላል። ደግማ ከመጣች ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል። ላይካ አብራው ስላደገች ይገባታል፤ ትታው ትሄዳለች። የሁለት ወር ቡችላ ግን ይህን ሁሉ ገና አልተማረችም። ጆሮው ላይ ትንጠለጠላለች፣ ተኝቶ ሳለ ትዘልበታለች፣ ሲያጉረመርምባትም ጨዋታ ይመስላታል። የሚያመው ውሻ ደግሞ ትዕግሥቱ አጭር ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ነክሶ የማያውቅ ውሻ መገጣጠሚያው ሲታመም ሊናከስ ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቡቺን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ውሾች ሕመማቸውን ይደብቃሉ። እኛ "አርጅቶ ነው" የምንለው ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ እሱ ደግሞ ማስታገሻ አለው። አደራሽን፣ የሰው መድኃኒት ከቤት አንስተሽ እንዳትሰጪው፤ አይቡፕሮፌንም ሆነ ፓራሲታሞል ውሻን ሊመርዝ ይችላል።

ቀጥሎ ላይካ አለች። ሴት ናት፤ ቡችላዋም ሴት ናት። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው። በአንድ ቤት በሚኖሩ ውሾች መካከል ክፉ ጠብ ሲነሳ በብዛት የሚታየው ጾታቸው አንድ በሆነ ውሾች መካከል ነው፤ የሁለት ሴቶች ጠብ ደግሞ አንዴ ከተነሳ ለማብረድ ከሁሉም ያስቸግራል። "ላይካ ቡችላ ትወዳለች" ብለሻል። እውነትሽን ነው፣ ቡችላን አብዛኛው ትልቅ ውሻ ይታገሠዋል። ፈተናው የሚመጣው ቡችላዋ ስትጎለምስ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜዋ ነው። ያኔ አንቺ ተላምደዋል ብለሽ ዓይንሽን አንስተሽላቸዋል። ጠቡ የሚጀመረው በትንሽ ነገር ነው፤ ቁልፍ ስታነሺ በር ላይ በሚፈጠረው ግርግር ወይም ወለል ላይ በወደቀ ፍርፋሪ።

ላይካ ምግቧን ከጨረሰች በኋላ እንኳ ባዶው ሳህን ላይ ቆማ ትቀራለች። አንገቷ ይደርቃል፣ አፏ ይዘጋል፣ ሦስተኛው ውሻሽ ጢኖ ዞሮ እስኪሄድ ድረስ ዓይኗን ከእሱ ላይ አትነቅልም። ጢኖ ትንሽ ስለሆነ ይሸሻል። እንደ እሷ ጉልበት ያላት ሴት ሀስኪ ግን ላትሸሽ ትችላለች። ተስማምተው የሚኖሩ ሴቶች የሉም አልልም፣ ሞልተዋል፤ እኔ ግን የምናገረው ስለ ላይካ ነው። ደግሞም የማምከን ቀዶ ሕክምናውን እስካሁን አላደረግሽላትም። በየስድስትና ሰባት ወሩ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ሲመጣ ቤቱ እንዴት እንደሚታወክ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። በቡችላዋ ፋንታ ወንድ ሀስኪ ብትወስጂም፣ እሱ ከመግባቱ በፊት ይህ ነገር እልባት ማግኘት አለበት።

አሁን "ሀስኪ ብቻውን መሆን አይወድም፣ ላይካ መሰሏ ያስፈልጋታል" ወዳልሽው ልምጣ። ግማሹ ልክ ነው። እነዚህን ውሾች ያራቧቸው በሳይቤሪያ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ የሚኖሩት የቹክቺ ሕዝቦች ናቸው፤ ቀለል ያለ ጭነት በረዶ ላይ እየጎተቱ ረጅም መንገድ እንዲጓዙ ነው ያራቧቸው። ከልጅነትሽ ጀምሮ የምትወጂው፣ ቶጎ የተባለው የጋሪ ውሻ ታሪክም የሥራቸው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ኖም በምትባለው የአላስካ ከተማ ዲፍቴሪያ የተባለው ገዳይ የጉሮሮ በሽታ ሲነሳ 20 የጋሪ ነጂዎችና 150 ገደማ ውሾች መድኃኒቱን እየተቀባበሉ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ስድስት ቀን ሳይሞላ አደረሱት፤ ከሁሉም ረጅሙን መንገድ የሸፈነው በቶጎ የሚመራው፣ ሴፓላ የተባለው ነጂ ቡድን ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ የምታይው በቡድን መሮጣቸውን ነው። እኔ ደግሞ ከሩጫው በኋላ ያለውን እንድታይ እፈልጋለሁ። የጋሪ ውሾች አብረው ይጎትታሉ፤ ሲያርፉ ግን እያንዳንዱ የሚታሰርበት የራሱ ቦታ አለው፣ የሚበላውም ለብቻው ነው። አብሮ መኖሩ የተቃናላቸው በሥራ ስለሚደክሙና የየራሳቸው ስፍራ ስላላቸው ነው። ያለ ሥራ አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሀስኪ ማኖር ሌላ ነገር ነው።

ላይካ አጥሩን ሥር ሥሩን የምትቆፍረውና የምታላዝነው ጓደኛ አጥታ ነው ብለሽ ደምድመሻል። እኔ የሚመስለኝ ሩጫ አጥታ ነው። ሁለተኛ ሀስኪ ቢመጣ ቁፋሮው አይቀርም፤ አንዷ የጀመረችውን ጉድጓድ ሌላዋ ታሰፋዋለች፤ አንዷ ስታላዝን ሌላዋ ትቀበላታለች። ደግሞ ይህን አስቢው፦ ቡችላ አጥንቷ ጠንክሮ እስኪያልቅ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት እስኪሞላት ድረስ፣ ከላይካ ጋር ረጅም ሩጫ መሮጥ የለባትም። ስለዚህ ለላይካ ብለሽ የምታመጫት ቡችላ ለላይካ የምትጠቅመው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! እስከዚያው የላይካን የመውጫ ሰዓት የምትሻማት ቡችላዋ ራሷ ናት፤ በየሁለት ሰዓቱ ለሽንት ማውጣት፣ ክትባት፣ ሌሊት መነሳት አለና። አሁኑኑ ማለዳ አየሩ ሳይሞቅ ላይካን የደረት ማሰሪያ አድርገሽ አብረሻት ሩጪ። ጥቂት ሳምንት ሳታቋርጪ ከሮጥሽ በኋላ አሁንም ብቸኛ ትመስልሽ እንደሆነ ያኔ እይ።

ጢኖንም አትርሺው። ሀስኪ የሚሮጥ ትንሽ ነገር ሲያይ የማሳደድ ደመ ነፍሱ ብርቱ ነው። አንድ ሀስኪ ከጢኖ ጋር መኖር ችላለች፤ ሁለት ሲሆኑ ግን አንዱ ማባረር ከጀመረ ሌላው ይከተላል፣ ጢኖም ፈርቶ ሲጮህ ይብስባቸዋል። ሁለት ሀስኪ ባለበት ቤት ጢኖ ከእነሱ ጋር ያለ ሰው መቅረት የለበትም፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።

በቁጥር ሳስበው ደግሞ እንዲህ ነው። ሦስት ውሾች ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ሦስት ጥንድ ነው፤ አራት ሲሆኑ ጥንዱ ስድስት ይሆናል። የጨመርሽው አንድ ውሻ ነው፣ የምትጠብቂው ግንኙነት ግን እጥፍ ሆነ። ስለ ፀጉሩ አልነግርሽም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ድርቡ ሲረግፍ ቤቱ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ወጪውም ቢሆን ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው ሕክምናው ነው። ሀስኪ ለሰውነቱ ብዙ አይበላም።

ታዲያ የትኛውን ልውሰድ ካልሽኝ፣ ሦስት ዓመት ያለፈውና የተኮላሸ ወንድ ፈልጊ። በዚያ ዕድሜ ጠባዩ ወጥቷል፤ የምታይው ውሻ የምትወስጂው ውሻ ነው። ባለቤቶቻቸው ጉልበታቸውን መቋቋም አቅቷቸው ሌላ ቤት የሚፈልጉላቸው ብዙ ሀስኪዎች አሉ። ስታገኚ አታፍሪ፣ ጠይቂ። ለምን ሊሰጡት ፈለጉ? ከትንሽ ውሻ ጋር ኖሮ ያውቃል? ሌላ ውሻ ወደ ሳህኑ ሲቀርብ ምን ያደርጋል? አጥር ዘሎ ያውቃል? ዓይኑን ሐኪም ይየው፤ በሀስኪ ዘር የዓይን ሞራ ገና በወጣትነት ሊመጣ ይችላል። ዓይኑና አፍንጫው ዙሪያ ቆዳው የሚቀረፍ ከሆነም አሳዪው፤ ይህ ዘር ዚንክ የተባለውን ማዕድን ከምግቡ በደንብ ባለመጠቀሙ የሚመጣ የቆዳ ሕመም አለው። ከሁሉ በላይ ካልተስማማ መመለስ እንደምትችዪ አስቀድመሽ ተነጋገሪ። መመለስ ነውር አይደለም፤ ቡቺን በገዛ ቤቱ ጥግ ላይ አስቀምጦ ማስፈራራት ነው ነውሩ።

ሲመጣም በቀጥታ ግቢ ውስጥ አታስገቢው። መጀመሪያ የማንም ባልሆነ ገላጣ ቦታ ላይካን አንቺ፣ እሱን ሌላ ሰው ይዛችሁ፣ ራቅ ራቅ ብላችሁ በአንድ አቅጣጫ ተራመዱ። ፊት ለፊት አታገናኟቸው። ሰውነታቸው ሲላላ፣ መሬት ማሽተት ሲጀምሩ፣ ቀስ እያላችሁ ተቀራረቡ። ገመዱን አትወጥሩት፤ የተወጠረ ገመድ ውሻውንም ይወጥረዋል። ከዚያ ጢኖ በተራው፣ ቡቺ መጨረሻ። ቤት ሲገባ አጥንትና መጫወቻ ከወለሉ ይነሳ፣ ሁሉም በየክፍሉ በተዘጋ በር ይብላ፣ ቡቺ ደግሞ ማንም የማይደርስበት መኝታ ይኑረው። ይህን ለቀናት ሳይሆን ለሳምንታት ቀጥዪ። እንዳይሆን ሆኖ ቢጣሉ እጅሽን ወደ አፋቸው እንዳትሰጂ፤ ውሃ ድፊባቸው፣ ብርድ ልብስ ጣዪባቸው፣ በመካከላቸው ሰሌዳ አስገቢ። "ይዋጣላቸው" የሚል ሰው ቢመክርሽ አትስሚው።

ለቡችላዋ ባለቤት ዛሬውኑ ደውለሽ እንደማትወስጃት ንገሪያቸው፤ ሌላ የሚጠብቅ ሰው ሊኖር ስለሚችል አታቆያቸው። የቡቺን ቀጠሮ በዚህ ሳምንት ያዢ፣ ስለ ላይካ ቀዶ ሕክምናም በዚያው ጠይቂ። ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ፤ ወንድ ፍለጋውን ከዚያ በኋላ አብረን እንጀምራለን። እሱን ለማየት ስትሄጂ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ፤ የላይካን ገመድ የሚይዝ ሰው ያስፈልግሻልና።

የምትወድሽ እናትሽ