ሳይድካሩ በግራ የተገጠመው በስህተት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ፒያሳ ለሽያጭ ስለቀረበችው ባለ ሳይድካር (በጎኗ የተሳፋሪ መቀመጫ የተገጠመላት) ሞተር ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ፎቶዎቹ ጥሩ ናቸው። ጽሑፉ ግን አናዶኛል። ሞተሯን «የጣሊያን ወረራ ቅርስ» ማለታችሁን እንኳ ባልፈው እችል ነበር። ማለፍ ያቃተኝ መጨረሻ አካባቢ ያለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ሳይድካሩ ባልሠለጠኑ የሰፈር መካኒኮች በተሳሳተ ጎን፣ በግራ ተገጥሟል።»

ያንን ሳይድካር አውርዶ ያደሰውም፣ መልሶ የገጠመውም አባቴ ነው።

በተሳሳተ ጎን? አገራችን ውስጥ እስከ 1956 ዓ.ም. መኪና ግራ ይዞ ነበር የሚነዳው። በዚያ ዓመት ነው ወደ ቀኝ የተዞረው። ሳይድካር ደግሞ የሚገጠመው በመንገዱ ዳር በኩል ነው። ተሳፋሪው እግረኛ መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ሹፌሩ ወደ መሃል ሆኖ ከፊት ያለውን መንገድ ያያል፣ መቅደም ሲፈልግም አይከለልም። ግራ ተይዞ በሚነዳበት አገር እንግዲህ ቦታው ግራ ነው። ይህን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም። ጊዮርጊስ አካባቢ ከሚቀመጡት አዛውንት አንዱን ጠጋ ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ማስነሻዋንስ አይታችሁታል? የሚረገጠው በቀኝ በኩል ነው። ማርሹም የሚገባው በቀኝ እግር ነው። ሳይድካሩ ወደ ቀኝ ቢዞር ሹፌሩ የት ቆሞ ሊረግጥ ነው? የራሺያዎቹን ኡራል የሚባሉ ሞተሮች ተመልከቱ። ሳይድካራቸው በቀኝ ነው፣ መርገጫቸውም በግራ። ፋብሪካዎቹ አስበውበት ነው የሠሩት።

ወደ ጣሊያኑ ጉዳይ ልመለስ። ሞተሩ ላይ ሦስት ጠመንጃዎች ተደጋግፈው የቆሙበትን ምልክት አይታችሁ «የፋሺስት ጦር ንብረት» አላችሁ። ምልክቱ ቢኤስኤ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ነው። ይህን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1861 ያቋቋሙት የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች ናቸው። ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት የመጣው በኋላ ነው፣ ምልክቱ ግን አልተቀየረም። ይቺ ሞተር ኤም 21 ናት፤ ባለ አንድ ፒስቶን፣ 591 ሲሲ። ፍጥነት የላትም፤ ጉልበት ግን አላት፣ ለሳይድካር የምትመረጠውም ለዚህ ነው። ሊብሬዋ የተሠራችበትን ዓመት እ.ኤ.አ. 1951 ይላል። ጣሊያን ከአዲስ አበባ የተባረረው በ1933 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1941። ተባሮ ከሄደ ከዐሥር ዓመት በኋላ የተሠራችን ሞተር በምን ተአምር አመጣት? ደግሞስ ጣሊያን አገር የሚነዳው ቀኝ ተይዞ ነው። የእነሱ ብትሆን ሳይድካሯን በቀኝ ታገኙት ነበር። ሁለቱ ስህተቶቻችሁ እርስ በርሳቸው እንኳ አይስማሙም።

አሁን ስለ «ያልሠለጠኑት» ልንገራችሁ። አባቴ ሳይድካር ሲገጥም መብራት ይዤ አጠገቡ እቆም ነበር። ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎችን በጎማዎቹ ጎን ያጋድማል። ከፊትም ከኋላም በሜትር ይለካል። በጣውላዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከፊት በኩል አንድ ጣት ያህል መጥበብ አለበት። ካልጠበበ ሞተሯ ወደ ሳይድካሩ ትጎትታለች፣ የሹፌሩም ክንድ ይዝላል። ከዚያ ሞተሯን ከሳይድካሩ ትንሽ ወደ ውጭ ዘንበል ያደርጋትና ቡሎኖቹን ያጠብቃል። ይነዳታል። ይመለሳል። እንደገና ይፈታል። ልቡ እስኪያምን አይለቃትም ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ቦኮላውን (ዘንግ የሚሽከረከርበትን ቀለበት) ቶርኖ ቤት ወስዶ ከነሐስ ያስወጣል፣ የፍሪሲዮኑን (የክላቹን) ሸራ ራሱ ቆርጦ ይለጥፋል። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ ፎቶ የምታነሱት ሞተር አይኖርም፣ ብረቱ ተመዝኖ ተሽጦ ነበር።

ዘገባችሁ ውስጥ ሻጩ ተናግሯል፣ ገዢ ነኝ ባዩ ተናግሯል፣ «የቅርስ ባለሙያ» የተባለ ስም የለሽ ሰውም ተናግሯል። መካኒክ ግን አንድም የለም። ሠራተኛ ሰፈር እዚያው አጠገባችሁ ነው። የአባቴ ጋራዥ የነበረበት ግቢ ዛሬ ፈርሷል፤ ሰዎቹ ግን አሉ፣ ስልክም ያነሳሉ። ስማቸውን ለማጉደፍ ጊዜ ያገኘ ጋዜጠኛ እንዴት እነሱን ለመጠየቅ ጊዜ ያጣል?

ነገሩ በወሬ ብቻ አላበቃም። ሰሞኑን አንድ ገዢ ዘገባችሁን በስልኩ ከፍቶ መጣ። «ስህተቱን ለማስተካከል» የሚወጣው ወጪ ከዋጋው ይቀነስልኝ አለ። የሻጩ ቤተሰብም ግራ ተጋባና ሳይድካሩን ወደ ቀኝ ለማዞር እያሰበ ነው። ይህ ማለት የግራውን ማያያዣ በግራይንደር ቆርጦ መጣል፣ በቀኝ ሌላ መበየድ፣ የሳይድካሩን አካል መለወጥ ነው። ያን ጊዜ ሞተሯ ትበላሻለች።

ስለዚህ እርማቱን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን አውጡልኝ። «ባልሠለጠኑ» የሚለው ቃልም በስም ተጠቅሶ ይነሳ። ሞተሯ ሳትሸጥ ይድረስ።

የመካኒክ ልጅ፣ ራሴም መካኒክ
ከአራዳ