የሰው ገንዘብ አይደለም፣ እምዬ

ለንደን፣ ነሐሴ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እምዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እንኳን ለፍልሰታ ጾም ፍቺ በሰላም አደረሰሽ። ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ኮሮናውም እስካሁን ደጄን አላንኳኳም።

የጻፍኩልሽ በስልክ የጀመርነው ነገር ሳይቋጭ ስለቀረ ነው። በስልክ አንቺም ትቆጫለሽ፣ እኔም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢንተርኔቱ ጭራሽ ተዘጋና ሳንነጋገር ከረምን። የወንድሜ ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ። ቁጥር ያለበት ቦታ ሲደርስ ዘሎ እንዳያልፍ ንገሪው። የነገሩ ፍሬ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው።

ለዓይንሽ ብዬ የላክሁት ብር ባንክ ቤት እንደተኛ ሰማሁ። «መንግሥት የሚቀልባትን ገንዘብ እኔ አልነካም፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለሻል አሉ። ለጎረቤትም «ልጄ በሰው አገር እርዳታ ተቀባይ ሆነች» ብለሽ አዝነሻል። አልተቀየምኩም። ሰባ ሰባትን ያየ ሰው እርዳታ ሲባል ምን እንደሚታየው አውቃለሁ። ያን ጊዜ ጠላ ጠምቀሽ፣ የሰው ልብስ አጥበሽ፣ የስንዴ ሰልፍ ሳትቆሚ እንዳለፍሽው እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አሁንም አልተሰለፍኩም፣ እምዬ። ከሥሩ ላስረዳሽ።

እኔ እዚህ የማንም ተቀጣሪ አይደለሁም። ፀጉር ቤቱ የእኔ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ባለቤትዋ ወንበር ታከራየኛለች፣ እኔም በየሳምንቱ የወንበሩን ኪራይ እከፍላለሁ። የሠራሁት ሹሩባ ገንዘብ የእኔ ነው፣ ኪሳራውም የእኔ ነው። ታምሜ ብቀር ደመወዝ የሚልክልኝ የለም። አንቺ ቅዳሜ ገበያ በርበሬሽን ዘርግተሽ እንደምትውይው ማለት ነው። ዝናብ ሲጥል ገበያተኛው ይቀራል፣ ያን ቀን የሚክስሽ የለም።

ልዩነቱ ግብሩ ላይ ነው። የአንቺ ቁርጥ ነው። ገማቾቹ መጥተው ቆመው አይተው «በቀን ይህን ያህል ትሸጫለሽ» ይሉሻል። በ2009 ግምቱ ሰማይ ሲነካ ከተማው ሁሉ እንዴት እንደጮኸ አስታውሳለሁ። ሐምሌ ሲመጣ ያሉሽን ትከፍያለሽ፣ በቃ። እዚህ ግን ያገኘሁትን ራሴ ነኝ የምናገረው። ዓመቱን ሙሉ የገባውንና የወጣውን እመዘግባለሁ። የዘይቱ፣ የሰው ሠራሽ ፀጉሩ፣ የኪራዩ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጣል። ወጪው ሲቀነስ የቀረው ትርፌ ነው። ጥር ላይ ለግብር መሥሪያ ቤቱ አስታውቃለሁ፣ እከፍላለሁ። ማንም መጥቶ አይገምተኝም። ከዋሸሁ ግን መዘዙ ለራሴ ነው።

እንግዲህ መጋቢት 14 ማታ ጠቅላይ ሚኒስትራቸው በቴሌቪዥን ወጥቶ «ከቤት አትውጡ» አለ። ፀጉር ቤት የሚባል ሁሉ ተዘጋ። ሰኔ 27 እስኪከፈት ድረስ አንድ ሹሩባ አልሠራሁም። የቤት ኪራይ ግን ኮሮና አያውቅም።

ለተቀጣሪዎቹ መንግሥት ቀድሞ መላ አበጀላቸው። ከደመወዛቸው 80 በመቶውን፣ ቢበዛ በወር 2,500 ፓውንድ፣ እኔ እሸፍናለሁ አለ። እኛ ወንበር ተከራዮቹ፣ ታክሲ ነጂዎቹ፣ ቀለም ቀቢዎቹ ቀረን። ጫጫታው በዛ። በሳምንቱ፣ መጋቢት 17 ቀን፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሪሺ ሱናክ ወጣና ለእናንተም አለ አለን። ስሌቱ እንዲህ ነው። ያለፉት ሦስት ዓመታት የግብር ወረቀት ላይ ያስታወቅሽው ትርፍ ተደምሮ አማካዩ ይወጣል። የአማካዩ የወር ድርሻ 80 በመቶ ይያዝና የሦስት ወሩ ባንዴ ይሰጣል። ጣሪያው 7,500 ፓውንድ ነው።

የእኔን ልንገርሽ፣ ከአንቺ የምደብቀው የለኝም። የሦስት ዓመቱ አማካይ ትርፌ 15,000 ፓውንድ ነው። በወር 1,250 ማለት ነው። የዚያ 80 በመቶ 1,000፣ የሦስት ወሩ 3,000 ፓውንድ። አየሽው? ማንም አዝኖልኝ የቆረጠልኝ አይደለም። ራሴ ከጻፍኩት ቁጥር የወጣ ነው።

«ታዲያ ማመልከቻውን ማን ሞላልሽ? የት ሄደሽ ለመንሽ?» ብለሽኝ ነበር። የትም አልሄድኩም። ግብሬን የሚሠራልኝን የሒሳብ ሰው ስደውልለት እንኳ «ይኼን እኔ አልችልልሽም፣ ራስሽ ነሽ የምትገቢው» አለኝ። እንዲያ ነው የተደነገገው፤ ሌላ ሰው በአንቺ ስም ከገባ ሌብነት ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ማመልከቻው ግንቦት 5 ቀን ነው የተከፈተው። ሁሉም ሰው ባንዴ ገብቶ እንዳይጨናነቅ ለየሰዉ የራሱ ቀን ተሰጥቶታል። ቀኔ ሲደርስ ኩሽና ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ገባሁ። ባለ አሥር አኃዙን የግብር ቁጥሬን አስገባሁ፣ የብሔራዊ መድን ቁጥሬን አስገባሁ፣ የባንክ ሒሳቤን ጻፍኩ። የሚከፈለኝን ቁጥር እኔ አልሞላሁም፣ እነሱው አስልተው አስቀምጠውታል። እኔ የምምለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሥራዬ በኮሮና ምክንያት ተጎድቷል» በሚለው። ቡናዬ ሳይበርድ አለቀ። በስድስት የሥራ ቀን ውስጥ ይገባል ብለው ነበር፣ ገባም።

መሐል ላይ ሌቦቹም ሥራ አልፈቱም። «የግብር ተመላሽ አለሽ፣ እዚህ ጋ ተጫኚ» የሚል መልእክት ይጎርፍ ነበር። አንዱንም አልነካሁም። እዚያም እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ከመጣ የወንድሜ ልጅ ያጥፋው። የባንክ ቁጥርሽን ለማንም እንዳትነግሪ።

አሁን «ሥራ ፈት ሆና ትቀለባለች» ወዳልሽው ልምጣ። ይኼ ነው በጣም ያቃጠለኝ። ለተቀጣሪዎቹ በተሰጠው ላይ፣ ገንዘቡን እየወሰድሽ እዚያው መሥሪያ ቤት መሥራት ክልክል ነበር። ለእኛ ግን እንዲህ አይደለም። መሥራት ከቻልሽ እየሠራሽ መውሰድ ይቻላል። እኔም ሰኔ 27 ጠዋት የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ስትመጣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ፊታችን ላይ ፕላስቲክ መከለያ አጥልቀን፣ ወንበሮቹ ተራርቀው። ሹሩባ ሲሠራ ሰዓታት ነው፣ ታውቂዋለሽ። በዚያ ፕላስቲክ ውስጥ ላቡ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ እጅ ደግሞ በፀጉር ተይዟል፣ መጥረግ የለም። ሥራ ፈት የሚባል ሰው እንዲህ አያልበውም።

ይኼ ገንዘብ ግብርም አለበት። እንደ ገቢ ነው የሚቆጠረው። የዚህን ዓመት ሒሳብ በማስታውቅበት ወረቀት ላይ ከሌላው ገቢዬ ጋር አስገብቼ፣ ከ12,500 ፓውንድ በላይ ባለው ላይ 20 በመቶ እከፍልበታለሁ፣ የመድን መዋጮውም አለ። የምከፍለው ጥር 2014 ላይ ነው። ከአሁኑ ለብቻው አስቀምጫለሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ ምጽዋት ግብር ሲከፈልበት የት አይተሻል?

ሁሉም ሰው አግኝቷል ግን አልልሽም። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት ልጅ አለች፣ የደባርቅ ልጅ። ባለፈው ዓመት በበጋ ነው ከቅጥር ወጥታ የራስዋን ሥራ የጀመረችው። ልብስ ትሰፋለች፣ እጅዋ ወርቅ ነው። አምስት ሳንቲም አላገኘችም። የቀድሞውን ዓመት የግብር ወረቀት ያስገባ ብቻ ነው የሚያገኘው፣ እሷ ደግሞ ያን ጊዜ ተቀጣሪ ነበረች። ግብር ከፋይ ናት፣ ሐቀኛ ናት፣ ግን የተሰመረው መስመር ከእግርዋ ፊት አለፈ። ትርፉ ከ50,000 ፓውንድ የበለጠም አያገኝም። ከገቢው ግማሽ ያህሉ እንኳ ከራሱ ሥራ ያልሆነም እንዲሁ። እነሱን ተዪያቸው፣ ሌላ ገቢ አላቸው። የልጅቷ ግን ግፍ ነው። እኔ ይኼን አሠራር ሳመሰግን እሷን እያየሁ ስለሆነ አፌን ሞልቼ አላመሰግንም።

ሌላም አለ። አንድ የታክሲ ነጂ፣ ስሙን ተዪው፣ ለዓመታት «ግብር ማለት ለሞኝ ነው» እያለ ይሳለቅብን ነበር። ትርፉን አሳንሶ አሳንሶ ነበር የሚያስታውቀው። አሁን ስሌቱ ሲወጣ የሦስት ወር ድርሻው ከመኪናው የወር ክፍያ ብዙም አልራቀም። ተናደደ፣ «ይኼ መንግሥት ሌባ ነው» አለ። ባለቤቱ ናት «የጻፍከውን ሰጡህ» ያለችው። እኛ ሳቃችንን ለመዋጥ ፊታችንን አዞርን።

ይኼን የምነግርሽ ልመጻደቅ አይደለም። «የሰው ገንዘብ» ያልሽውን ስለማስብ ነው። ስድስት ዓመት ጥር በመጣ ቁጥር ስከፍል «ለምን ትሰጫቸዋለሽ?» ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ያ የተከፈለው ነው ዛሬ ክፉ ቀን ላይ የቆመልኝ።

አሁን ሁለተኛው ዙር መጥቷል። ነሐሴ 11 ተከፍቷል፣ እስከ ጥቅምት 9 ነው። ይኼኛው 70 በመቶ ነው፣ ጣሪያው 6,570 ፓውንድ። ለእኔ 2,625 ይደርሰኛል። ከሐምሌ 7 ወዲህ ሥራሽ ተጎድቷል ወይ ብለው ነው የሚጠይቁት። እዚህ ላይ ሁለት ቀን አሰብኩበት። ፀጉር ቤቱ ተከፍቷል፣ እኔም እየሠራሁ ነው። በሐሰት መማል ደግሞ አንቺ ያሳደግሽው ልጅ አያደርገውም። ቀጠሮ የምይዝበትን ደብተር አወጣሁና የአምናውን ሐምሌ ከዘንድሮው ጋር ጎን ለጎን አየሁት። የእኔ እንጀራ ሙሽሮች ናቸው። የአበሻ ሠርግ ሲኖር ሙሽራዋ ብቻ ሳትሆን ሚዜዎቹ፣ እናትየዋ፣ አክስትየዋ ሁሉ ይሠራሉ። አንድ ቅዳሜ የሳምንቱን ይከፍላል። ዘንድሮ ሠርግ ከ30 ሰው በላይ አይፈቀድም። በ30 ሰው የሚደገስ የአበሻ ሠርግ የት አለ? ሁሉም ለከርሞ ብለው ሰረዙ። የአምናው ገጽ ጥቁር ብሏል፣ የዘንድሮው ነጭ ነው። ስለዚህ ማልኩ፣ ሞላሁ። ደብተሩንም አስቀምጬዋለሁ፣ ከጠየቁኝ አሳያለሁ።

አንድ ነገር ብለሽኝ ዝም አሰኝተሽኛል። «ለእኔስ ማን ሰጠኝ?» አልሽ። እውነትሽን ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ባጃጁ ሰው ቀንሶ ታሪፍ ሲጨምር፣ የአንቺን በርበሬ ማን ይክሰዋል? ለስንት ዓመት ቁርጥሽን ከፍለሻል፣ ግን በእጅሽ የቀረው ደረሰኝ ብቻ ነው። መልስ የለኝም። ያለኝ ይኼ ገንዘብ ነው፣ ከእሱ ላይ ለአንቺ መላክ ደግሞ መብቴ ነው። ይኼን መብቴን አትውሰጂብኝ።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ሰኞ ወንድሜ ይዞሽ ባንክ ቤት ይሂድ። መታወቂያሽን እንዳትረሺ፣ ጊዜው አልፎበት ከሆነም ቀድሞ ቀበሌ ያሳድስልሽ። ገንዘቡ ወጥቶ ለዓይንሽ ቀጠሮ ይያዝ። ሐኪሙ ሞራ ነው ካለ ደግሞ ለመስቀል ይለፈኝ፣ ለጥምቀት ይለፈኝ እንዳትይው። የተረፈውን ለጣራው አድርጊው፣ በጓዳው በኩል ያፈሳል ብሎኛል ልጁ። ለሐኪሙ ያልሽውን ለጣራ፣ ለጣራው ያልሽውን ለተዝካር እንዳታደርጊብኝ ብቻ፣ አውቅሻለሁ።

ለጎረቤቶቹም ሰላም በዪልኝ። እርዳታ ነው ያልሻቸውን ግን ራስሽ አርሚልኝ፤ የነገርሻቸው አንቺ ነሽ።

ሰው ሲመጣ በርበሬ ላኪልኝ። ሚጥሚጣውን ለብቻው ቋጥሪው፤ ባለፈው ከሽሮው ጋር ተደባልቆ ነው የደረሰኝ።

ናፋቂ ልጅሽ