«ሰው የለኝም» የሚሉ ወገኖቻችንን እናስብ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ እየቀረበ ነው፤ በዚህ ሳምንት ከሚታሰበው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ተነሥቼ፣ እኛ የጎጃም ምእመናን ልብ ልንለው ይገባል የምለውን አንድ ጉዳይ በጋዜጣችሁ በኩል ለማቅረብ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።

በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በደዌ የኖረ ሰው ተኝቶ ነበር። ጌታችን «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ሰውዬው የመለሰው ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማን ሁሉ ተአምሩን እናስታውሳለን፤ ይህ በሽተኛ ከደዌው አስቀድሞ ሰው ማጣቱን መናገሩን ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፈዋለን። ጌታም ወደ ውኃው እስኪወርድ አልጠበቀውም፤ ራሱ ወደ ተኛበት መጥቶ «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» አለው። የእግዚአብሔር ምሕረት የወደቀውን ሰው ካለበት ድረስ መጥቶ እንደሚፈልግ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቃል አላውቅም።

ጎጃም ጠበል የጠፋበት አገር አይደለም። ከሰከላው ግሽ ዓባይ ጀምሮ በየደብሩና በየገዳሙ የሚፈልቀው ጠበል ከሩቅ አገር ሳይቀር ሕሙማንን ይስባል። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት በደረሰብን ጦርነት ልጁን የቀበረው፣ ከቤቱ የተፈናቀለው፣ ያየው ነገር እንቅልፍ የነሣው ወገናችን ብዙ ጊዜ ከጠበሉም ከቅዳሴውም ርቆ፣ «እኔ ምን ፊት አለኝ» እያለ በቤቱ ተቀምጧል። በዚህ ላይ «ቢበድል ነው እንጂ» የሚል ጎረቤት ሲጨመርበት ቁስሉ ይብሳል። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን ኃጢአት እንደ ሠራ በጠየቁ ጊዜ፣ ክርስቶስ እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ መመለሱን የረሳን ይመስለኛል።

የማውቃት አንዲት እኅታችን ልጇን ካጣች በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጽር ከውጭ ተሳልማ ከመመለስ በቀር ወደ ውስጥ መግባት ትታ ነበር። በኀዘኗ ሰሞን በፈጣሪዋ ላይ የተናገረችው ቃል የማይሰረይ ኃጢአት መስሏት ነበርና። የነፍስ አባቷ ይህን ሲሰሙ ከቤቷ ሄዱ። መስቀላቸውን አሳልመው መደቡ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ምክርንም ተግሣጽንም አላስቀደሙም፤ ስለ ልጇ ጠየቋት፤ ምን ይወድ እንደ ነበር፣ በስንት ዓመቱ ዲቁና እንደ ተቀበለ። የማኅበር ጓደኞቿ ቡናውን እያፈሉ ሳለ እርሷ ረጅም ሰዓት አወራች፤ አለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ነው አባ መዝሙር 50ን፣ «ተሣሃለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ» (አቤቱ፣ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ) የሚለውን በቀስታ የደገሙላት። ንስሐዋን ተናዝዛ፣ ቀኖናዋን ፈጽማ፣ ዛሬ ሥጋ ወደሙን ትቀበላለች። ኀዘኗ አልጠፋም፤ እግዚአብሔር ትቶኛል የሚለው ፍርሃት ግን ከልቧ ወጥቷል፤ ይህም ለእኔ ታላቅ ፈውስ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ጠበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ይተው የሚሉ ሰዎች እንዲያስተውሉ እለምናለሁ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ፣ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ በግልጽ አስተምረዋል። ለአእምሮ ሕመምም ከዚህ የተለየ ሥርዓት የሚኖርበት ምክንያት አይታየኝም።

ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱን፣ ምሥጢረ ቀንዲልን፣ ለሕሙማን ሰጥታለች። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ፣ በጌታም ስም ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ብሎ አዝዟል። በእኛ አካባቢ ግን ቀንዲል ሲደረግ የማየው ከስንት አንዴ ነው፤ ብዙ ምእመናን ካህኑን ወደ ቤታቸው የሚጠሩት ለጸበል ጻዲቅ ወይም ለፍትሐት ብቻ ሆኗል። ለሞተው የምንሮጠውን ያህል በቁሙ ለተሰበረው አለመሮጣችን ልቤን ያሳዝነዋል።

ስለዚህ በየአጥቢያው ያሉ የጽዋ ማኅበራትና ሰንበቴዎች በመጻጉዕ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ከመካከላቸው የራቁትን አባሎች በስም አስታውሰው፣ ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ እዚያው እንዲወስኑ፣ የነፍስ አባቶችም ምእመናኑን እየመሩ እንዲሄዱ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የዝግጅት ክፍሉም ቀንዲል እንዴትና ለማን እንደሚፈጸም የሚያስረዱ ሊቃውንትን ጋብዞ፣ ከበዓለ ትንሣኤ በፊት በሚወጣ አንድ እትም ቢያስነብበን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ
ከደብረ ማርቆስ